ደብተሩን የያዘው ማን ነው?

አንድ ወጣት አያቱን ደግፎ ባንክ ሲገባ ወረፋው በራሱ መንገድ ይለቃል። ወንበር የሚያቀርብ አለ። «ተባረክ፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው» የሚል አለ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለነውም ደስ ይለናል። ሽማግሌ ብቻውን ሲንገላታ ማየት ያሳፍረናል፤ ደግፎት የመጣ ሰው ሲኖር ግን እፎይ እንላለን። ከዚያ በኋላ ማን ምን ይጠይቃል?

እኔ መጠየቅ አለብን ባይ ነኝ። አብዛኞቹ ደጋፊዎች እውነተኛ ጧሪዎች ናቸው። ከሥራ አስፈቅደው፣ ባጃጅ ኮንትራት ይዘው፣ ግማሽ ቀናቸውን ሰጥተው ነው የሚመጡት። እነሱን ማስቀየም አልፈልግም። ነገር ግን የአረጋዊ ገንዘብ ሲወሰድ ያየሁባቸው አጋጣሚዎች ሁሉም ማለት ይቻላል በዚያው በር የገቡ ናቸው። ወሳጁ ክንድ ይዞ የመጣው ሰው ነበር።

ሐዋሳ ውስጥ ብዙ ዓመት በባንክ መስኮት ሠርቻለሁ። አሁንም ደንበኛ አገልግሎት ላይ ነኝ። የምጽፈው እዚያ ሆኜ ካየሁትና በሌላ ሙያ ካሉ ሁለት ወዳጆቼ፣ ከአንዲት ነርስና ከአንድ ጠበቃ፣ ከሰማሁት ነው። ሰዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ 6 ሰዎች አንዱ ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ የሆነ ዓይነት ጥቃት ይደርስበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከ28 አገሮች የተገኙ 52 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሯል። በዚያ ስሌት የገንዘብ ጥቃት የደረሰባቸው 6.8 በመቶ ናቸው። አካላዊ ጥቃት የደረሰባቸው 2.6 በመቶ ነበሩ። ዱላው ይታያል፣ ጎረቤት ይጮኻል። ብሩ ግን ድምፅ የለውም።

ሐዋሳ ላይ ደግሞ ጉዳዩ የራሱ መልክ አለው። ከተማችን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር ከቀደምት ሰፋሪዎቿ መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩ። ያኔ የተገኘ ግቢ ሰፊ ነው፤ ቤቱ የጭቃ፣ ጓሮው አቮካዶና ሸንኮራ። ዛሬ ያው ግቢ ወደ ሐይቁ ጠጋ ያለ ከሆነ ወይም አስፋልት ካገኘው ደላላ ዋጋውን ሲጠራ ጆሮ አያምንም። ባለቤቶቹ ግን አሁንም በጡረታ ነው የሚኖሩት። ሽሮ ቆጥበው የሚበሉ ሰዎች ሚሊዮን ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቻቸው አዲስ አበባ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ዱባይ፣ አሜሪካ ናቸው። ቤት የቀረው አንድ ሰው ነው። ደብተሩም፣ የሳጥኑ ቁልፍም፣ ስልኩም እሱ እጅ ነው።

አንዲት እማማ ነበሩ። የሟች ባለቤታቸውን ጡረታ ነው የሚወስዱት። ቀድሞ ወር በገባ ቁጥር ብቻቸውን ይመጡ ነበር፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው። ትንሽ ያወጣሉ፣ ትንሽ ይተዋሉ። «ይቺ ለቀብሬ ትሁን» ይላሉ ስለሚተዋት። ከጊዜ በኋላ አንድ የልጅ ልጅ አብሯቸው መምጣት ጀመረ። ሰላምታው ደስ የሚል ልጅ ነው። ደብተሩ ከፌስታሉ ወጥቶ የእሱ ጃኬት ኪስ ገባ። የሚወጣው ብርም አደገ። መጀመሪያ የወሩ ጡረታ ሙሉ በሙሉ፣ ቀጥሎ ያቺ የቀብር የተባለችው።

«እማማ፣ ዛሬ ስንት ልስጥዎት?» አልኳቸው።

«ሃያ ሺህ» አለ ልጁ።

«እሳቸው ይንገሩኝ።»

እማማ ወደ እኔ አላዩም። ወደ እሱ አዩ። ከዚያ «እሱ እንዳለው» አሉ።

ለእኔ ዋናው ምልክት ያ አስተያየት ነው። የብሩ መብዛት ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ሰው ለሠርግ ያወጣል፣ ለተዝካር ያወጣል፣ ጣሪያ ሊያድስ ያወጣል። በገንዘቡ የሚያዝ ሰው ግን ስንት እንደሚፈልግ ለመናገር የሌላ ሰው ፊት አያነብም። ደብተሩ እጅ መቀየሩ፣ ጥያቄው ለአንዱ ሆኖ መልሱ ከሌላው መምጣቱ፣ ሁልጊዜ ትንሽ የሚያወጣ ሰው በድንገት ሙሉውን መጠየቁ፣ «ቶሎ በይልን» የሚለው ጥድፊያ፣ እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳለሁ።

ልጁን የመታወቂያቸውን ኮፒ አምጣ ብዬ ላክሁት። ኮፒ ቤቱ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው። ይህን ዘዴ ያስተማረችኝ አሁን ጡረታ የወጣች አንጋፋ ባልደረባዬ ናት። ማንም አይሰደብም፣ ማንም አይጠረጠርም፤ አረጋዊው ግን ለጥቂት ደቂቃ ብቻውን ይሆናል። ከመስኮቱ ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አውራ ጣታቸው ላይ የአሻራው ቀለም ነበር፤ ሶፍት ሰጥቻቸው እየጠረጉ ነው የተነጋገርነው።

«እማማ፣ ይህ ብር ለምን ይሆን የተፈለገው?» ዝም አሉ። «ቤት ውስጥ የታመመ አለ እንዴ?» የለም፣ አሉ ራሳቸውን ነቅንቀው። «ደብተሩ እርስዎ ጋ ቢቀመጥ ይሻልዎት ነበር?» ያኔ ሶፍቱን አጣጥፈው ያዙት።

«የኔ ልጅ፣ ብሩ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ» አሉ። «ስልኩ ላይ ነው የሚቆምርበት። ታዲያ እንቢ ብለው ማን ውሃ ያቀብለኛል? ማታ ማን በር ይዘጋልኛል?»

ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ነገር በሌላ ሌላ ቃል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ብዙዎቹ አልተታለሉም። ያውቃሉ። ብቻቸውን ላለመቅረት እየከፈሉ ነው። ጧሪ ቀባሪ ማጣት በእኛ ዘንድ ከማጣት ሁሉ የከፋ ነው፤ ለእሱ ሲሉ ብዙ ነገር ሆድ ይፍጀው ብለው ይተዋሉ። ልጅን ማሳጣት ደግሞ ራስን ማሳጣት ነው። «ምን ዓይነት ልጅ አሳደገች» መባልን የትኛዋ እናት ትፈልጋለች? ገመና ተሸፍኖ ይኖራል፤ ተቀማጩ እያለቀ።

ስለዚህ እዚያው ፖሊስ ልጥራ ማለት ለእማማ መልስ አልነበረም። ልጁ እንዲታሰር አልፈለጉም። የፈለጉት እንቢ የሚልላቸው ሰው ነበር። ከተቀማጩ የቀረውን አብዛኛውን በጊዜ ገደብ እንዲያስቀምጡት ሐሳብ አቀረብኩላቸው፤ ወለዱንም፣ ከጊዜው በፊት ቢያወጡ ምን እንደሚሆንም ነገርኳቸው። ደግመው በራሳቸው አፍ አስረዱኝ። ገብቷቸዋል። ልጁ ኮፒውን ይዞ ሲመለስ «ባንኩ ነው ያስቀመጠብኝ» አሉት። እኔም አላስተባበልኩም። እንቢታውን ከእሳቸው ትከሻ ላይ መውሰድ ሥራችን ነው ብዬ አምናለሁ። ልጁ ፊቱ ጠቆረ፣ ግን ምንም አላለም። ቤት ውስጥ የተባለውን አላውቅም። በቀጣዩ ወር እማማ ሲመጡ ደብተሩን የያዙት ራሳቸው ነበሩ።

ቢብ ላታኔና ጆን ዳርሊ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሰው የሌላውን ችግር እያየ ለምን እጁን አጣጥፎ እንደሚቆም አጥንተዋል። አንድ ሰው ለመርዳት ከመነሳቱ በፊት ማለፍ ያለበትን መንገድ በአምስት ደረጃ አስቀመጡት። ነገሩን ማየት አለበት፤ ችግር ነው ብሎ መቀበል አለበት፤ እኔን ይመለከተኛል ማለት አለበት፤ ምን እንደሚደረግ ማወቅ አለበት፤ በመጨረሻ ማድረግ አለበት። ከአምስቱ አንዱ ላይ ከተሰናከለ እርዳታው አይደርስም።

እንግሊዝ አገር የብሩኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ሐሳብ ይዘው በአረጋውያን ላይ ወደሚደርስ የገንዘብ ጥቃት ገቡ። የማኅበራዊ አገልግሎት፣ የጤናና የባንክ ባለሙያዎችን እያነጋገሩ፣ ታሪክ እየሰጡ፣ ይህ ጥቃት ነው ወይ ብለው ጠየቋቸው። የማኅበራዊ አገልግሎትና የጤና ባለሙያዎቹን ፍርድ በዋናነት ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የአረጋዊው የማሰብ አቅም ሆኖ ተገኘ። የሚረሳ፣ የሚያምታታ ሰው ከሆነ ቶሎ ይጠረጥራሉ። ይህን ሳነብ ያሳሰበኝ የእማማ ነገር ነው። የእሳቸው አእምሮ እንደ ምላጭ ነው። የሚረሱትን ብቻ የምንጠብቅ ከሆነ እያወቁ የሚከፍሉትን ማን ያይላቸዋል?

እኛ ዘንድ ግን ብዙዎቻችን የምንሰናከለው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ይመስለኛል። ማየቱንማ ሁሉም ያያል። ካሸሯ ታያለች። ሱፐርቫይዘሩ ያያል። ከሁሉም በላይ ጥበቃው ያያል። እማማ ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ ብሩ ከእጃቸው ሲወሰድ፣ ሞተር አስነስቶ የሚጠብቀው ጓደኛ ድርሻውን ሲቀበል የሚያየው እሱ ነው። ግን «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ይባላል። ይህቺ አነጋገር ስንት ሰው ባዶ እጁን አስቀርታለች። ጥበቃን «ያየኸውን ንገረን» ያለ ቅርንጫፍ ካለ በእውነት ብልህ ነው።

ነርሷ ወዳጄ ብር አታይም። የምታየው የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ካርድ ነው። ጡረታ እንዳላቸው የምታውቃቸው ሰው መድኃኒታቸውን ግማሽ ግማሽ እየሰበሩ ሲውጡ ታያለች። ሦስት ወር የጠፉ ሰው ሲመጡ «አለቀብኝ» ይላሉ። እሷ ታዲያ «ለምን አልገዙም?» ብላ አትጠይቅም፤ ተግሣጽ ይመስላል። «መድኃኒት የሚገዛልዎት ማን ነው?» ትላለች። መልሱ ውስጥ ስም ይመጣል። ከስሙ ጋር የሚመጣው ፊት ብዙ ይናገራል ትለኛለች። መርመሪያ ክፍል ውስጥ አጃቢን «እስቲ ደጅ ይጠብቁን» ማለት ለእሷ ይቀላል፤ ሐኪም ቤት ነውና ማንም አይቀየምም። ባንክም ውስጥ እንዲህ ቢለመድ እመኛለሁ።

ችግሩ እሷም ግማሹን ታውቃለች፣ እኔም ግማሹን። እኔ ገንዘቡ ሲወጣ አያለሁ፣ እሷ መድኃኒቱ ሲጠፋ ታያለች። ሁለታችንም የሰው ምስጢር ጠባቂዎች ነን፤ ደንበኛዬ እንዲህ ሆነ ብዬ መደወል አልችልም። መደወልም የለብኝም። ግን ባለቤቱን ማስፈቀድ እችላለሁ። «ለልጅዎ ልደውልላቸው? ለንስሐ አባትዎ? ለእድሩ ዳኛ?» ብዙ ጊዜ መልሱ «ለማንም» ነው። አንዳንዴ ግን አንድ ስም ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም የማይጠበቅ ሰው ነው። አንድ አባት የጠሩልኝ ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው ቡና የሚጠጡትን ጎረቤት ነበር።

ጠበቃው ወዳጄ ደግሞ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው የሚደረስበት። ፊቱ የሚቀርበው ማህተም ያረፈበት ወረቀት ነው። በጣም የሚያንገበግበው ውክልና ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ እንደሚፈቅድ ይናገራል። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ በስጦታ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሕጉ እዚያ ላይ ሰውን ሊጠብቅ አስቧል። ግን ጽሕፈት ቤቶቹ ዝግጁ ፎርም አላቸው። «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያስይዝ፣ በባንክ ያለኝን ገንዘብ እንዲያወጣ» የሚለው በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ ነው። ጡረታዬን ይቀበልልኝ ብለው የሄዱ አባት ቤታቸውን የሚሸጥ ወኪል ሾመው ይመለሳሉ።

ሁለት ነገር ቢታወቅ ይለኛል ሁልጊዜ። አንደኛው፣ ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ የወኪሉ ፈቃድ አያስፈልገውም። የሻረ ሰው ግን ለባንኩም በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ካላሳወቀን ወኪሉ ነገ ሲመጣ የምናውቀው የድሮውን ወረቀት ነው። ሁለተኛው፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራል። ቀብር ተውሎ፣ ድንኳን ሳይነሳ በውክልና ብር ሊያወጣ የሚመጣ ሰው አይቻለሁ።

ከውክልናው የባሰው ስጦታ ነው። አንድ ጡረተኛ ሾፌር ነበሩ። ቤታቸውን «ለጧሪዬ ይሁን» ብለው አብሯቸው ለሚኖር ዘመድ ፈረሙ። እሳቸው የተናዘዙ መስሏቸዋል። የፈረሙት ግን የስጦታ ውል ነው። ኑዛዜ ሰው እስኪሞት ይጠብቃል፣ እስከዚያ ሐሳብን መቀየር ይቻላል። ስጦታ ግን ዛሬውኑ ነው። ካርታው በዘመዱ ስም ዞረ። ከዚያ የሳሎኑ ክፍል ተከራየ፤ እሳቸው ወደ ሰርቪስ ቤቱ ወረዱ።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ ሕጉ የሚጠይቀው ፎርም ቀላል አይደለም፤ እንደ ግልጽ ኑዛዜ በምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። ይነበባልም። እንዴት ይነበባል ነው ጥያቄው። ሊረፍድ ነው፣ ለምሳ ሊወጣ ነው፣ ወረፋው በር ድረስ ነው። አንባቢው ይሮጣል፣ ጆሮ የከበዳቸው አባት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ወዳጄ እንዲህ ያለ ሰነድ ይዘው ለሚመጡ አረጋውያን አንዲት ጥያቄ አለችው። «አባባ፣ ይህን ከፈረሙ በኋላ ነገ ጠዋት ቤቱ የማን ነው?» «የኔ ነዋ!» ካሉት ብዕሩን ይዘጋል። አልገባቸውም ማለት ነው። ገብቷቸው፣ አስበውበት መስጠት ከፈለጉ ደግሞ መብታቸው ነው፤ ግን ቢያንስ የአላባ ጥቅሙን ለራሳቸው ያስቀሩ ይላል። ያኔ ቤቱ የሌላ ሰው ቢሆንም በሕይወት እስካሉ የመኖርና የማከራየት መብቱ የእሳቸው ይሆናል። ብዙ ሰው ይህ መንገድ እንዳለ አያውቅም።

ያ ሾፌር አሁን ፍርድ ቤት ናቸው። ጠበቃው የያዘው የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1710 ነው። የአንድን ሰው ችግር፣ የዋህነት፣ መጃጀት ወይም የንግድ አለማወቅ መጠቀሚያ አድርጎ የተገኘ ውል ለኅሊና ተቃራኒ ሆኖ ሊፈርስ ይችላል ይላል። በዚህ ምክንያት ለማፍረስ ግን ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ሳያልፍ መክሰስ ያስፈልጋል። ሁለት ዓመት ለሽማግሌ ምን አላት? አንዱን ዓመት «ዘመዴ እንዲህ አያደርገኝም» እያሉ ያሳልፉታል። ሁለተኛውን በሽምግልና።

ስለ ሽምግልና ሳነሳ ልጠንቀቅ። ብዙ ጊዜ ከፍርድ ቤት ይሻላል። የሲዳማ አባቶች አፊኒ በሚባለው ባህላዊ የዕርቅ ሸንጎ ሲቀመጡ ሁሉም ተራውን ጠብቆ እስኪሰማ ይታገሳሉ፤ የደከመ ሰው ቃል እዚያ ይደመጣል። እድርም ቀላል ኃይል አይደለም፤ የእድር ዳኛ አንድ ቃል ከባንክ ማናጀር አሥር ቃል ይበልጣል። የሚያስፈራኝ ያ «በቃ ታረቁ፣ ይቅር ተባባሉ» የሚባለው ችኮላ ነው። ጉልበት ይሳማል፣ ይመረቃል፣ ቡና ይፈላል። ደብተሩ ግን ያው ኪስ ውስጥ ይቀራል። ለእኔ ዕርቅ የሚባለው ደብተሩ፣ ካርዱና የምስጢር ቁጥሩ ወደ ባለቤቱ ሲመለሱ ነው። ዛቻ ወይም ዱላ ካለ ደግሞ ሽምግልና ይቆይ። እምነት ማጉደልም ማታለልም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ወንጀሎች ናቸው፤ የሥጋ ዝምድና ስማቸውን አይቀይረውም።

የምስጢር ቁጥር ካልኩ አይቀር፣ ስልክ ነገሩን አክብዶታል። ቴሌብር ሰፈር ድረስ ገብቶ ለብዙ እናቶች ወረፋ አስቀርቷል፣ ደግ ነገር ነው። ግን ቁጥሩን የሚያስገባላቸው የሱቁ ልጅ ነው። ከውጭ የሚላከውም እንደዚሁ። ልጅ ከጆሃንስበርግ ለእናቱ ይልካል፤ የሚገባው ግን በወንድሙ አካውንት ነው። እናት የምትሰማው «ላከ» የሚለውን ብቻ ነው፣ ስንት እንደላከ አትሰማም። አካውንቱ በእናት ስም ቢሆን፣ ላኪውም እናቱን ራሷን ደውሎ «ይህን ያህል ደረሰሽ ወይ?» ቢላት ብዙ ነገር ይጠራ ነበር።

ሌላም አቅጣጫ አለ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ለአረጋውያኑ ፍትሕ አይሆንም። አንድ ቀን ሦስት ልጆች ተሰብስበው መጡ። «አባታችን ጃጅቷል፣ አካውንቱን ዝጉልን» አሉ። እየተናደዱ ነው። አባትየው ሚስታቸው ከሞተች በኋላ አንዲት ሴት አግብተው ለእሷ ወርቅ ገዝተዋል። ልጆቹ ጥቃት ነው ይላሉ። አባትየውን ለብቻ ሳነጋግር ቀን ያውቃሉ፣ ተቀማጫቸውን ያውቃሉ፣ የወርቁን ዋጋ በግራም ይነግሩኛል። «ገንዘቤ ነው፣ አርባ ዓመት ሠርቼበታለሁ» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ዕድሜ ብቻውን ሰውን ከገንዘቡ አያስነሳም። መከልከል ካለበት የሚከለክለው ፍርድ ቤት እንጂ የተናደደ ወራሽ ወይም እኔ አይደለንም። ጥበቃ ነው ተብሎ የሚመጣም ነጠቃ አለ። በሁለቱም በኩል የሚያድነን ያው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየውን ራሱን፣ ብቻውን፣ ሳይቸኩሉ መጠየቅ።

የእኔ ቅርንጫፍ ለዚህ የተጻፈ አሠራር የለውም። የምንሠራው በልማድና በኅሊና ነው፤ የታታሪ ባልደረባ ተራ ከሆነ እማማ ይድናሉ፣ ካልሆነ የለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ዕድሜያቸው 65 የሞላ ደንበኞቻቸው እየተበዘበዙ ነው ብለው በምክንያት የጠረጠሩ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ክፍያውን ለ15 የሥራ ቀን አቆይተው እንዲያጣሩ ተፈቅዷል። አካውንት ሲከፈትም የሚታመን ሰው ስም ይጠየቃል። ያ ሰው ገንዘቡን መንካት አይችልም፤ ችግር ሲኖር የሚደወልለት ብቻ ነው። ይህቺን ሁለተኛዋን ነገር በጣም ወድጃታለሁ። ለእኛ አገር እንግዳ አይደለችም፤ እማኝ፣ ዋስ፣ የነፍስ አባት የለመድን ሰዎች ነን። ሰው ገና ጤነኛ፣ ገና ሙሉ ሳለ «የሆነ ነገር ብናይ ለማን እንንገር?» ብሎ መጠየቅ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

አረጋዊን ለብቻው የማስተናገድን ሐሳብ ለማናጀራችን ሳቀርብ የፈራው አጃቢዎች ይቀየማሉ ብሎ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር። ለሙከራ በመስኮቶቹ ጥግ ሁለት ወንበር አስቀመጥን፤ ከተለመደው በላይ የሚያወጣ አረጋዊ ለብቻው ይስተናገዳል፣ ለምን እንደሚያወጣም በፋይሉ ላይ አጠር አድርገን እንጽፋለን። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ሴት አባቷን ይዛ መጣች። አልጋ የያዘች እናትም ቤት አለቻት፤ ሁለቱንም የምትጦረው እሷ ናት። ደጅ ጠብቂ ስላት ፊቷን አየሁ፣ ልትቆጣ ነው ብዬ። ወጥታ ጠበቀች። አባትየው ለሚስታቸው የአልጋ ፍራሽና ዳይፐር መግዣ መሆኑን፣ ልጅቱ ባትኖር እንደሚሞቱ ነገሩኝ። ጻፍኩት። ስትመለስ ምን እንደጻፍኩ ጠየቀችኝ፤ አባቷ ፈቅደው አነበብኩላት።

«ወንድሞቼ ከአሜሪካ እየደወሉ ብሩን የት አደረስሽው ይሉኛል» አለች። «በየወሩ እንዲህ ጻፉልኝ። እኔንም ጠይቁኝ።»